መቅደሱ የተዘጋበት ንጉሥ

በግብፅ የሚኖር አንድ ክርስቲያን ጸሐፊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ግድም ስለ ሐበሻ ነገሥታት የሰማውን ከትቦ ነበር። ነገሥታቱ ካህናት ናቸው አለ፤ መቅደስ ገብተው ይቀድሳሉ። ንጉሡ በገዛ እጁ ሰው ከገደለ ግን ከዚያ ወዲያ መቀደስ አይችልም። መጽሐፉ ለረጅም ዘመን የአርመናዊው አቡ ሳሊህ ነው ሲባል ቆይቶ፣ ዛሬ ሊቃውንት አቡል መካሪም ለተባለ ግብፃዊ ይሰጡታል። ሰውየው ወሬውን ያገኘው እዚያው አገሩ ተቀምጦ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል እንደ ማኅተም መቀበል አያስፈልግም። የጻፈበት ጊዜ ግን የላስታ ነገሥታት፣ የዛጉዬዎቹ፣ ዘመን ነው፤ ያወራውም ነገር ላስታ ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆመ አንድ ሕንፃ ጋር ይገጥማል።

ሕንፃው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከላሊበላ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ፣ ከዚያ በጥድ መካከል በእግር ሽቅብ ተወጥቶ ይደረሳል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን አፉን የከፈተ ሰፊ ዋሻ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውጦ ይዟል። ግድግዳው የአክሱም ግንበኞች በሚያውቁት ብልሃት የተሠራ ነው፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ፣ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ይወጣል። ዝናብም ፀሐይም ስለማያገኘው እንጨቱ 800 ዓመት ተሻግሯል። ከጀርባው በጨለማው ውስጥ የሰው ዐፅም ተከምሯል፤ ከሩቅ አገር መጥተው እዚሁ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይላል የአካባቢው ትውፊት። ሕንፃው በስሙ የሚጠራው የንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ መቃብርም እዚያው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ደግሞ በዚያው አሠራር የተገነባ ሌላ ቤት አለ፤ ቤተ መንግሥቱ ነው ይሉታል። ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ ጣራውም ሰው ያልሠራው አለት ነው።

ንጉሡን ገድሉ ካህንም ንጉሥም አድርጎ ያቀርበዋል። ስሙም ራሱ ጸሎት ነው፤ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። መሪ፣ መርሕ፣ መመሪያ የሚሉት ቃላት የወጡት ከዚሁ ሥር ነው። በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስታወጣ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱን «የሕግ መምሪያ» ብላ ስትሰይም፣ ይህን የላስታ ንጉሥ ያሰበ ሰው ላይኖር ይችላል። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው። ሌላውን የሚመራውን ማን ይምራው?

አሁን ወደዚያ ግብፃዊ ወሬ እንመለስ፤ ረጋ ብለው ሲያዩት ረቂቅ ነገር አለውና። ሰው የገደለ ንጉሥ ከዙፋኑ ይውረድ አይልም። ይከሰስ፣ ይፈረድበት፣ ካሳ ይክፈል አይልም። ዙፋኑ ይቀራል፤ የሚዘጋው መቅደሱ ነው። ችሎት አያስፈልገውም፣ ምስክር አይቆጠርበትም፣ ይግባኝ የለውም። ትናንት ከቀዳሾቹ ጋር የቆመው ንጉሥ በሚቀጥለው እሑድ ከምእመናኑ ጋር ሲቆም፣ ማንም አፉን ሳይከፍት አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሥልጣኑን ያገኘው በክህነቱም ጭምር ነበርና የቀረችው ግማሽ ሥልጣን ናት። ቅጣቱ በድርጊቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዳኛውን መግዛት፣ ፖሊሱን ማዘዝ፣ ፋይሉን ማጥፋት አይሠራም።

የዛሬ የሕግ ምሁር ይህን ሥርዓት ሕገ መንግሥት ብሎ ለመጥራት ያመነታ ይሆናል። አልተጻፈም፣ አልጸደቀም፣ ቁጥር የለውም። ሕገ መንግሥት የሚባለው ነገር ሥራው ገዥን መገደብ ከሆነ ግን ከብዙ የተጻፉት ይልቅ ይህኛው ሥራውን ያውቃል።

የላስታ ብቻም አይደለም። በ390 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ባስፈጸመ ጊዜ የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከቅዱስ ቁርባን ከልክሎታል። ንጉሠ ነገሥቱም ንስሐ ገባ። ሠራዊቱ በእጁ ነበር፤ የሚላኖ ጳጳስ አንድ ጭፍራ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ዘመኑን በናፍቆት መሳል ራስን ማታለል ነው። የዛጉዬ መንግሥት ሲያልፍ ምን እንደሆነ ሁለት ትረካ አለ። አንደኛው በቃል ኪዳን አለፈ ይላል፤ ነአኵቶ ለአብ ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ በሰላም ለቀቀ፣ ሽማግሌ ገባ፣ የዋግ ሹሞችም ክብራቸው ተጠበቀላቸው። ሁለተኛው ትረካ ደም አለበት። የመጨረሻው የዛጉዬ ንጉሥ ተሸንፎ ሲሸሽ ጋይንት ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እዚያው ተገደለ ይላል። ዘመኑ 1270 እ.ኤ.አ. ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። እንዲያ ከሆነ፣ ገዳይ መቅደስ አይገባም የሚለው ሥርዓት ያበቃው ገዳዩ መቅደስ ድረስ ገብቶ ነው ማለት ነው።

መቅደሱን የሚዘጋው እጅም ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ ኑዛዜውን ያጸኑት በእርግማንና በግዝት ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሲሽሩት አቡነ ማቴዎስ ያንኑ መሐላ ፈቱላቸው። ግዝቱን ያሰረ እጅ ግዝቱን ፈታ። ማሰሪያው መንፈሳዊ ነው፤ ቋጠሮውን የሚፈቱት ግን ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ደግሞ ወገን አላቸው።

አማርኛ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያውቃል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል በአንድ በኩል። በሌላ በኩል ደግሞ መንገድ ላይ የሚደባደብ ጎረምሳም ሆነ ድንበር የሚገፋ ባለርስት «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። ያስቆመው ዱላ ወይም ዘበኛ አልነበረም። ቃሉ ልብ ቢሉት የሚገርም ነው፤ ሕግ አምላክ አለው ማለት ነው። «በምኒልክ አምላክ»ም ይባል ነበር፤ የሚጠራው ግን ምኒልክ ሳይሆን የምኒልክ ጌታ ነው። ንጉሡ የማይከሰስ ቢሆንም ከበላዩ ሌላ አለ፤ ገበሬውም ያን ያውቃል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገርበት በ44ኛው አንቀጹ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17ን ያነሣል። በዚያ ሕግ ንጉሥ ፈረስ አያበዛም፣ ሚስት አያበዛም፣ ወርቅና ብር አያከማችም፤ የሕጉንም ግልባጭ ለራሱ አስገልብጦ ዕድሜውን ሙሉ ያነባል፣ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ። ሕጉ ንጉሡን ይቀድመዋል ማለት ነው፤ ንጉሡ ገልባጭ እንጂ ደራሲ አይደለም።

ደራሲ የሆነው በ1923 ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለ 55 አንቀጽ ሕገ መንግሥት ፈረሙ፤ መኳንንቱም ተከትለው ፈረሙ። ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት፣ «ፋቡላ» የተሰኘውን ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አብነት የሆናቸው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ተክለ ሐዋርያት ለአገራቸው ተቆርቋሪ ሰው ነበሩ፤ ያሰቡትም ለመሳፍንቱ ዘፈቀደ ልጓም ማበጀት ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን ለሕዝቡ የቀረበው ሕዝብ ሳይጠይቅ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው የሰጡት ስጦታ ተደርጎ ነው። ስጦታ ደግሞ ሰጪውን አያስገድድም።

ከሁሉ የሚያስገርመው 5ኛው አንቀጽ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸውም አይመረመርም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ቅድስናው በሜጂ ሕግም 3ኛው አንቀጽ ላይ አለ። በዚህ አንቀጽና በላስታው ሥርዓት መካከል ያለው ርቀት ከቶኪዮ እስከ ላሊበላ ካለው ይበልጣል። በላስታ ቅድስና ሸክም ነው፤ የተቀባ ሰው ከሌላው ሰው የበለጠ የተከለከለው ነገር አለ፣ ከተላለፈም የሚያጣው አለ። በ1923 ቅድስና ጋሻ ሆነ። ቅብዐ መንግሥቱ ከላስታ መጣ ቢባል እንኳ መዘጊያው በር እዚያው ዋሻው ውስጥ ቀርቷል። በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት የተሻሻለው ባለ 131 አንቀጽ ሕገ መንግሥት ብዙ መብት ዘርዝሮ፣ የንጉሡን ቅድስና በዘርና በቅብዐት ላይ አቆመው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንንም የመንግሥት ሃይማኖት አደረጋት። ንጉሡ ሕገ መንግሥቱን ሊያከብር ይምላል። መሐላው ቢፈርስ ምን እንደሚሆን ግን ከ131ዱ አንቀጾች አንዱም አይናገርም።

የማይደፈረው አካል መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተጭኖ ከቤተ መንግሥት ወጣ። አንቀጹ ንጉሠ ነገሥቱን ከጥያቄ ጠብቋቸው ነበር፤ ከወታደር ግን አልጠበቃቸውም።

ከዚያ የመጣው የደርግ መንግሥት በተመሠረተ በሦስተኛ ወሩ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። መቅደሱን ሊዘጋ ይችል የነበረውን ሰው፣ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን፣ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረደ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደለ። ከዚያ በኋላ ሕገ መንግሥት አስረቀቀ። 343 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቁሞ ረቂቁ በመላ አገሪቱ ለውይይት ተበተነ፤ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም 81 በመቶ ድጋፍ አገኘ ተባለ። ሃይማኖት ከመንግሥት ተለየ፤ ሉዓላዊነት ለሠራተኛው ሕዝብ ተሰጠ። ያ ሕግ የኖረው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጾች አሉት። በ11ኛው አንቀጹ መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም ይላል፤ ቅድስናን ግን ከሕጉ አላስወጣም፣ ባለቤቱን ቀየረ እንጂ። ሉዓላዊው አሁን ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። አማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. አሻሽሎ ባወጣው የራሱ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊነቱን ለክልሉ ሕዝቦች ሰጥቶ፣ ለኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር አቁሟል። የዛጉዬ ነገሥታት የአገው ወገን ነበሩና፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ዛሬ ቢነሣ ከራሱ ዋሻ አጠገብ ዘመዶቹ ምክር ቤት ይዘው ያገኛቸዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመግደል ጥያቄ ግን የ1987ቱ ሕግ የሰጠው መልስ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱንም ማየት ይገባል።

አንደኛው ፊት 28ኛው አንቀጽ ነው። የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ማሰቃየት በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። አርቃቂዎቹ ኅዳር 14ን አልረሱትም ነበር። ሆኖም ይህ በር የሚዘጋው ዘግይቶ ነው። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከግድያው 32 ዓመት በኋላ፣ ሥልጣናቸውን ካጡ 15 ዓመት አልፎ፣ እሳቸውም በሌሉበት። ወንበር ላይ ያለን ሰው የሚያስቆም በር አይደለም።

ሁለተኛው ፊት 93ኛው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ ስለ አስቸኳይ ጊዜ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያወጣ የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶችን ሊያግድ ይችላል፤ ሊነካቸው የማይችላቸው ግን በስም ተዘርዝረዋል። እነሱም አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25፣ የአንቀጽ 39 ንዑስ 1 እና 2 ናቸው። አንቀጽ 1 የአገሪቱ ስያሜ ነው። 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ 25 እኩልነት ነው፤ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ነው፣ እስከ መገንጠል። አንቀጽ 15 በዝርዝሩ የለም። አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር መብት ነው።

ጠበቃ መልስ አያጣም። የሚታገዱት የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶች ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ደግሞ በሁለት ተከፍሏል፣ ከ14 እስከ 28 ሰብአዊ መብቶች፣ ከ29 እስከ 44 ዴሞክራሲያዊ መብቶች፤ ስለዚህ አንቀጽ 15 ከመጀመሪያውም አይታገድም ይላል። ጥሩ ክርክር ነው። ግን እንዲያ ከሆነ 18 እና 25 ከሰብአዊው ክፍል ሆነው ሳለ ለምን ተዘረዘሩ? ሌላው ጠበቃ አንቀጽ 13ን ይዞ ይመጣል፤ መብቶቹ የሚተረጎሙት ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳኖች ጋር ተጣጥመው ነው፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በሕይወት የመኖርን መብት በአስቸኳይ ጊዜም አይነኬ ያደርጋል። ይህም ትክክል ነው። ሕይወትን የሚያህል ነገር በሁለት ትርጓሜ ተሻግሮ መገኘቱ ግን ያሳፍራል። ጀርመኖች በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጡት መሠረታዊ ሕግ ከዚያ ሁሉ የጅምላ ግድያ በኋላ አይሻሻልም ብለው ካሰሩት ነገር ቀዳሚው የሰው ልጅ ክብር ነው። የእኛው ሕግ ለአስቸኳይ ቀን አይነኬ ካላቸው መጀመሪያ የጻፈው የመንግሥቱን ስም ነው።

አስቸኳይ ቀን ደግሞ ለላስታ መላምት አይደለም። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከተማ ድረስ ደረሰ፤ ከተማይቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል በተለይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅም ተራዘመ። ከ2009 ወዲህ አገሪቱ በዚህ በ93ኛው አንቀጽ ስድስት ጊዜ አስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። አንድ አንቀጽ እንዲህ ደጋግሞ ሲሠራ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ቤተኛ ይሆናል፤ ከሌሎቹ አንቀጾች ይልቅ እሱን በጥንቃቄ መጻፍ ይገባ ነበር።

ካህን ንጉሥ ይመለስ የሚል የለም፣ መመለስም የለበትም። በመቅደስ በር የሚጠበቅ ሕግ መቅደሱ የማይመለከተውን ሙስሊም፣ ጴንጤ፣ ዋቄፈታ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል? መቅደስ ገብታ የማትቀድስ ሴትስ በምን ድምጿ ትናገራለች? አንቀጽ 11 ስለዚህ ትክክል ነው። ከላስታው ሥርዓት ሊወሰድ የሚገባው ዕጣኑ ሳይሆን ብልሃቱ ነው። ገዥ ሰው በገደለ ዕለት፣ ሌላ መንግሥት እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ የሚወደው ነገር ከእጁ ይወጣ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ያ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? በሰው ሞት የተጠረጠረ አዛዥ ምርመራው እስኪያልቅ ከማዕረጉ በሕግ መታገዱ ሊሆን ይችላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በእያንዳንዱ የሟች ስም ዝርዝር ላይ ምክር ቤቱ በይፋ ሳይወያይ አለመራዘሙ ሊሆን ይችላል። መርማሪ ቦርድ በ93ኛው አንቀጽ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ የጎደለው የቦርዱ ቃል በራሱ የሚዘጋው በር ነው።

የሕገ መንግሥት መሻሻል ጉዳይ ዛሬ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከየክልሉ አጀንዳ ሲሰበስብ፣ ብዙ ሰው በአንቀጽ 39፣ በሰንደቅ ዓላማው፣ በወሰኑ ላይ ይከራከራል። እነዚህ ትልልቅ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚፈቱትም በጭንቅ ነው። አንቀጽ 39 ያለበትን ሦስተኛውን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች መስማማት ግድ ነውና፣ አንድ ክልል ብቻ እምቢ ቢል ነገሩ ይቆማል።

93ኛው አንቀጽ ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ ውጭ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ የተቀመጠ ነው። በዚያ ዝርዝር ላይ «አንቀጽ 15»ን ለመጨመር፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተቀበሉት፣ ከአሥራ ሁለቱ ክልሎች የስምንቱ ምክር ቤቶች በአብላጫ መስማማት ይበቃል።